ኮምፒዩተር በቀጠሮ የሚሠራውን ሥራ ስለ መሰረዝ

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ባለቤቱ ቢተኛም ሥራ አይፈታም። አንዱን ፕሮግራም በየሌሊቱ፣ ሌላውን በየሰዓቱ ያስነሣል። ይህን የሚያደርገው «ክሮን» የተባለው ፕሮግራም ሲሆን ስሙ ጊዜ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ዛሬ በብዙ ሊኑክሶች ላይ የሚገኘው ዓይነት ፖል ቪክሲ በ1987 እ.ኤ.አ. ካወጣው የተወለደ ነው።

እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ የቀጠሮ ሠንጠረዥ አለው፤ አንድ ሥራ በአንድ መስመር ይጻፍበታል። ችግሩ የሚመጣው ጥናቱ ተፈጽሞ መስመሩ ሲቀር ነው። ብዙ ተማሪዎች በጋራ በሚሠሩበት ማሽን ላይ የተረሳ መስመር በየሰዓቱ ፋይል ቢጽፍ ዲስኩ ይሞላል፤ ያን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉን ማስቀመጥ የሚያቅተው ሌላው ጓደኛችን ነው። እንግዲህ መሰረዝ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን አሰራረዙ ጥንቃቄ ይሻል።

ሠንጠረዡን ለማየት «ክሮንታብ -ኤል» ይባላል። (እዚህ በፊደላችን ጻፍነው እንጂ ማሽኑ የሚያውቀው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ነው።) በየመስመሩ መጀመሪያ ያሉት አምስት ምልክቶች ደቂቃን፣ ሰዓትን፣ የወሩን ቀን፣ ወርንና የሳምንቱን ቀን ያመለክታሉ። የእኛን ሰው የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ከ0 እስከ 23 ይቈጠራልና። የማሽኑ ሰዓት በአገራችን ጊዜ የተሞላ ከሆነ «0 2 * * *» ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ የጧቱን 2 ሰዓት የፈለገ «0 8 * * *» የሚለውን ይፈልግ። ወሩም የፈረንጅ ወር ነው።

መስመሩ ከታወቀ በኋላ «ክሮንታብ -ኢ» ሲባል ሠንጠረዡ ለእርማት ይከፈታል፤ ያን መስመር ብቻ አጥፍቶ፣ አስቀምጦ መውጣት ነው። የሚያመነታ ሰው በመስመሩ ራስ ላይ # ቢያደርግበት ሥራው ይቆማል፤ ጽሑፉ ግን ይቀራል። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ትልቁ አደጋ «ክሮንታብ -አር» ነው። ይህ ትእዛዝ አንዱን መስመር ሳይሆን ሠንጠረዡን በሙሉ ያጠፋል፤ «እርግጠኛ ነህን?» ብሎም አይጠይቅም። ይባስ ብሎ «ኢ» እና «አር» በላቲኑ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው፤ ጣት አንዲት ቁልፍ ብትስት የዓመት ሥራ ይሄዳል። የዊንዶውስ የቀጠሮ መሰረዣ ትእዛዝ እንኳ ካላስገደዱት በቀር አስቀድሞ ይጠይቃል። በብዙ ሊኑክሶች ላይ «-አይ» ቢጨመርበት ክሮንታብም ይጠይቃል፤ ሆኖም የተቻኰለ ሰው መች ያስታውሰዋል? ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ «ክሮንታብ -ኤል > ቅጂ» ብሎ ሠንጠረዡን በፋይል ማስቀረት ነው። የጠፋ እንደ ሆነ «ክሮንታብ ቅጂ» ቢሉ ሁሉም ይመለሳል። ቅጂ የሌለው ሰው የማሽኑን ኀላፊ ይለምን፤ ክሮን ያስነሣቸው ትእዛዞች ብዙ ጊዜ በማሽኑ መዝገብ ላይ ስለሚጻፉ አንዱን ከአንዱ እያገናኙ መልሶ መጻፍ ይቻላል።

አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ በ«አት» የተቀጠረ ሥራ ግን ቀላል ነው፤ «አትኪው» ቍጥሩን ይነግራል፣ «አትአርኤም» ከነቍጥሩ ሲጻፍ ያንኑ ብቻ ይሰርዛል።

ደግሞም መስመሩን መሰረዝ የወደፊቱን ቀጠሮ ያስቀራል እንጂ አሁን በመሥራት ላይ ያለውን አያቆምም። እሱን በ«ፒኤስ» ፈልጎ በ«ኪል» ማስቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዲስኩ መሙላቱን ይቀጥላል።