ጣና ላይ ጉማሬ ማየት

እንደሚታወቀው ዓባይ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ባህር ዳር አጠገብ ነው። በጀልባ ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ከሁሉ በላይ ማየት የሚፈልገው ጉማሬ ነው። ታዲያ ለባለጀልባው የሚባለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ትንሽ ጠጋ በልልን!»

የጉማሬ ቆዳ ፀሐይ ስለማይችል ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ቢጠልቅም ለመተንፈስ በየጥቂት ደቂቃው ብቅ ይላል። ስለዚህ ማሳደድ አያስፈልግም፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ጎበዝ አስጎብኚ ራቅ ብሎ ይቆምና ከውሃው በላይ የሚታዩትን ጆሮና አፍንጫ በጣቱ ያሳያል። አፉን በሰፊው ሲከፍት እኛ «አዛጋ!» ብለን ፎቶ እናነሳለን፤ ብዙውን ጊዜ ግን ማስፈራራቱ ነው። በተለይ ግልገል ያላት እናት ጀልባ ልትገለብጥ ትችላለች።

ችግሩ ጉርሻው ላይ ነው። እኛን የወሰደን ባለጀልባ መጀመሪያ «አይሆንም» አለ፤ ገንዘብ ስናዋጣ ተጠጋ። ጓደኞቼ እሱን ይወቅሳሉ፣ እኔ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው ባይ ነኝ።

የሚሄድ ካለ ጠዋት ይሂድ፤ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሳና ሐይቁን ያናውጠዋል። ጉማሬው ባይወጣ እንኳ ደንገሉ ዳር ፔሊካን አይታጣም።