ሎተስ በደብረ ታቦር፦ ደረቅ አየርና ቀዝቃዛ ውሃ

ቤቱ ውስጥ አበባ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ እርጩ፣ አጠገቡ ውሃ የሞላ ሳህን አስቀምጡ፣ አየሩ እንዳይደርቅ። ለፈርን ደህና ምክር ነው። ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ሎተስ ሲሆን ግን፣ ያውም 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ድካሙ የሚባክነው ከንቱ ቦታ ላይ ነው። የአየሩ ድርቀት ሎተሱን ይጎዳዋል፤ የሚጎዳው ግን ሰው በማይጠረጥረው በኩል ነው።

በመጀመሪያ አየሩ ለምን እንደሚደርቅ እንይ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ይከፋል፣ ማለዳ ሣሩ ጤዛ አዝሎ ይገኛል። ጤዛ የጣለ አየር መሸከም የሚችለውን እንፋሎት ሁሉ የያዘ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው ግን ጥቂት ነው፤ በ8 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ8 ግራም እምብዛም አያልፍም። ይኸው አየር በበርና በጣሪያው ጠርዝ ሾልኮ ገብቶ ክፍሉ ውስጥ 22 ዲግሪ ሲደርስ አቅሙ ከ19 ግራም ይበልጣል። የተጨመረለት ውሃ ግን የለም። ስለዚህ ማለዳ 100 በመቶ የነበረው እርጥበት ቀትር ላይ ወደ 41 በመቶ ይወርዳል፣ ከአየሩ አንዲት ጠብታ ሳትቀነስ። በበጋ ከንፈር የሚሰነጠቀውም የታጠበ ልብስ ቶሎ የሚደርቀውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ሳህን ውሃ ይህን ያስተካክላል? ሒሳቡ ቀላል ነው። አፉ ግማሽ ሜትር የሚሰፋ ሳፋ ቤት ውስጥ በቀን 2 ሚሊሜትር ተኩል ቢጎድል፣ የተነነው ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ክፍሉ አራት በአራት፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ይሁን፤ 40 ሜትር ኩብ አየር ማለት ነው። ይህ አየር በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ቢለዋወጥ በቀን 960 ሜትር ኩብ አየር ያልፍበታል። ግማሹን ሊትር ለዚያ ስናካፍለው ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሚደርሰው ግማሽ ግራም ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ይህ እርጥበቱን ከፍ የሚያደርገው በ3 በመቶ ብቻ ነው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት አየሩ የሚለዋወጠው ከዚህም በፈጠነ ሁኔታ ስለሆነ 3 በመቶዋም አትገኝም። ክፍሉን በውሃ ሳህን ለማርጠብ መሞከር ወንፊት እንደ መሙላት ነው።

ደግነቱ ሎተሱ ራሱ ይህን አልጠየቀም። ሥሩ ውሃ ውስጥ ስለተቀመጠ ከቅጠሉ የሚተነውን ወዲያው ይተካል። ከዚህም በላይ ለደረቅ አየር የሚመች የአተነፋፈስ ሥርዓት አለው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው አየር እርጥብ፣ ውጪ ያለው ደረቅ ሲሆን፣ በዚያ ልዩነት የተነሣ የውጪው አየር በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ቅጠሉ ይገባል፤ ውስጡ ግፊት ይፈጠርና አየሩ በአገዳው ቦዮች ቁልቁል ወርዶ ጭቃ ውስጥ ለተቀበረው ሥር ኦክስጅን ያደርሳል። ልዩነቱ ሲሰፋ ነፋሱም ይበረታል። ቅጠሉ ላይ የሚረጨው ውሃማ ሰሙ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል እንጂ ቅጠሉን አያርሰውም።

ጉዳቱ ያለው ሎተሱ በተተከለበት ሳፋ ውስጥ ነው። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ በደረቀ መጠን ትነቱ ይበረታል፣ የቀረውም ውሃ ከክፍሉ አየር በታች ይቀዘቅዛል። እዚህ ላይ ከፍታውም ያግዛል፤ ደብረ ታቦር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ግፊት ሰባት ዐሥረኛውን እምብዛም ስለማይበልጥ እንፋሎቱ ከውሃው ለመራቅ የሚያግደው ያንሳል። ከሸክላ ገንቦ የሚቀዳ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ሕግ ነው፤ ገንቦው ያልባል፣ ላቡ ሲደርቅ ውሃው ይበርዳል። ለሚጠጣ ውሃ የሚደነቀው ነገር ለሎተስ ጠላት ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ዕድገቱ ይንቀራፈፋል፣ ለማበብ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ሙቀት ለሳምንታት ይፈልጋል።

ከዚህ በመነሣት የሚደረገው ይታወቃል። ሎተስ ሸክላ ውስጥ አይተከልም፤ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ፕላስቲክ ሳፋ ይሻላል። የውሃው ገጽ በቅጠል እስኪሸፈን ድረስ ባዶው ቦታ በግልጽ ላስቲክ ቢከለል፣ አገዳዎቹ የሚወጡበት ብቻ ክፍት ቢተው፣ ትነቱም ቅዝቃዜውም ይቀንሳል። ማታ ማታ ሙሉውን ገጽ መሸፈን፣ ሳፋውንም ከሲሚንቶ ወለል አንሥቶ ጣውላ ላይ ማስቀመጥ ነው። የጎደለው ሲሞላ ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በቀጥታ አይጨመርም፤ በጀሪካን ፀሐይ ላይ ይዋል።

የእርጥበት መለኪያ የሌለው ሰው ሁለት ቴርሞሜትርና አንድ የጥጥ ፈትል ይበቁታል። የአንደኛውን ጫፍ በፈትል ጠምጥሞ ማርጠብ፣ ሁለቱንም ማራገብ፣ የርጥቡ ንባብ መውረዱን እስኪያቆም መጠበቅ። ደረቁ 20፣ ርጥቡ 14 ቢያነብ ለባሕር ወለል የተዘጋጀው ሠንጠረዥ እርጥበቱ 51 በመቶ ነው ይላል፤ በደብረ ታቦር ግፊት ግን ትክክለኛው ወደ 56 ይጠጋል። ለእኛ ጉዳይ ከመቶኛው ይልቅ 14ቱ ይጠቅማል፤ ያልተሸፈነ ውሃ እየተነነ ወደዚያ ቁጥር ይጎተታልና።

ከሙቀቱ ጋር የሚሄደው ብርሃን ነው። ሎተስ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ማሳደግ ከባድ የሚሆነውም በዋናነት ለዚህ ነው። ደብረ ታቦር ከምድር ወገብ በሰሜን ወደ 12 ዲግሪ ስለሆነች በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮት ጨረሩን ወደ ክፍሉ ያስገባል። በሰኔ ፀሐይ በአናት አልፋ ጥቂት ወደ ሰሜን ስለምትሻገር ያው መስኮት ቀጥተኛ ጨረር ያጣል። በዚህ ላይ የክረምቱ ደመና አለ። ስለዚህ ሥሩን በየካቲት ተክሎ የመጋቢትን፣ የሚያዝያንና የግንቦትን ሙቀት መጠቀም ነው የሚሻለው።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። አየሩ ይረጥባል፣ ትነቱ ይቀንሳል፣ ጨለማና ብርድ ግን ይመጣል። ቅጠሉ ቢጠወልግ በማዳበሪያ ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ሥሩ ጭቃው ውስጥ ሳይደርቅ ይረፍ። ያን ጊዜ እርጥበት መቆጣጠር የሚያስፈልገው ለግድግዳው ነው። በጭቃና በጭድ የተመረገ ግድግዳ እርጥበት ይመጥጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይመልሳል፤ በዘይት ቀለም የተቀባ ብሎኬት ግን ያልበዋል፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሻጋታ ይይዛል። የቡናውና የምጣዱ እንፋሎት ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር በተከፈተ መስኮት ቢወጣ ለሰውም ለእህሉም ደግ ነው።

በእኔ ግምት በዚህ ከፍታ ሎተስ ለጽኑ ትዕግሥተኛ ብቻ ነው። ሰማያዊ አበባ በውሃ ላይ ማየት ለሚሻ ሰው የአገሩ የውሃ አበባ የተሻለ ዕድል አላት። ጣና ዳር በሚገኙት ረግረጎች ትበቅላለች፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከደብረ ታቦር በጥቂት ዲግሪዎች ይሞቃል፣ ስለዚህ እሷም የሳፋውን ክዳንና የመስኮቱን ፀሐይ ትፈልጋለች። ጣና ዳር ካለው ከፎገራ በኩል ተክል ይዞ የሚወጣ ሰው ግን አንድ ነገር ያረጋግጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የተባለው አረምም ውብ ወይን ጠጅ አበባ አለው። የውሃ አበባ ቅጠሏ ጠፍጣፋና በአንድ በኩል የተሰነጠቀ፣ ሥሯም ጭቃ ውስጥ የተተከለ ነው። እምቦጭ የቅጠሉ አገዳ እንደ ስፖንጅ አብጦ አየር ያዘለ ነው፣ ጥቁር ሥሩን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ ይንሳፈፋል። አገዳው ካበጠ እዚያው ደረቅ መሬት ላይ ጥሎ ማድረቅ ነው፤ የርብም ሆነ የጉማራ ወንዝ የተጣለባቸውን ይዘው የሚገቡት ጣና ነው።