ዋግ በነፋስ የሚመጣበትን መንገድ በስሌት መከታተል

ስንዴ በሚዘራባቸው የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች፣ ከአዴት ዙሪያ ጀምሮ እስከ ቡሬ ድረስ፣ ዋግን የማያውቅ ገበሬ አይገኝም። አምሮ የነበረው ስንዴ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅጠሉና አገዳው ዝገት የመሰለ ዱቄት ይለብሳል፤ ፍሬው ይጨማደዳል፤ በአጨዳ ጊዜ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ገለባ ይሆናል። ይህ በደረሰ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዋጉ ከየት መጣ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ፣ በነፋስ የሚጓዘውን የዋግ ብናኝ መንገድ በኮምፒዩተር የሚከታተለው ስሌት ነው። ሆኖም ይህ ስሌት ገበሬው በማሳው ያየውን ካልነገሩት በስተቀር አንዳች ነገር ሊያይ እንደማይችል የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከወዲሁ ሊረዱት ይገባል።

እንደሚታወቀው ዋግ በሻጋታ አማካይነት የሚመጣ በሽታ ነው። በቅጠልና በአገዳ ላይ የሚታየው ዱቄት ሳይንቲስቶች ስፖር የሚሉት የሻጋታው ዘር ነው። አንዱ ብናኝ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አርባኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከአንዲት ትንሽ ቁስል በሺህ የሚቆጠር ብናኝ ይወጣል። ከዚህም አብዛኛው በዚያው ማሳ ይወድቃል። ጥቂቱ ግን ሽቅብ በሚወጣ አየር ተነሥቶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል።

በዐውድማ ላይ እህል ያዘራ ሁሉ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። መንሹ ሽቅብ ሲወረወር ፍሬው እግር ሥር ይወድቃል፤ ገለባው ጥቂት ራቅ ይላል፤ እብቁ ከዐውድማው ወዲያ ይሻገራል፤ ትቢያው ግን የት እንደደረሰ አይታወቅም። የዋግ ብናኝ እንደዚህ ትቢያ ነው። የኮምፒዩተሩ ተግባር የትቢያውን መድረሻ ማስላት ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በቅድሚያ ከምድር እስከ ሰማይ ያለው አየር እንደ ማሳ በብዙ ድልድል ይከፋፈላል። ለእያንዳንዱ ድልድል ነፋሱ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚነፍስ፣ እንዲሁም ሙቀቱና ዝናቡ ከአየር ጠባይ ትንበያ ይወሰዳል። ከዚያም ዋግ በታየበት ቦታ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የስሌት ብናኞች ይለቀቃሉ። እያንዳንዱ ብናኝ ባለበት ቦታ ያለው ነፋስ በዙሪያው ካሉት ድልድሎች ተገምቶ፣ ብናኙ ለጥቂት ደቂቃዎች በዚያ አቅጣጫ እንዲሄድ ይደረጋል። ከደረሰበት ቦታ ላይ ደግሞ የአዲሱ ቦታ ነፋስ ይታይና እንደገና ይገፋል። የነፋሱን መናወጥ ለማስገባት በየእርምጃው ትንሽ የዕጣ ያህል መዛነፍ ይጨመርበታል። ፀሐይ ያቃጠለችው ብናኝ ከሕያዋን ቁጥር ይቀነሳል፤ ዝናብ ያጠበው ወደ ምድር ይወርዳል። በመጨረሻ በየወረዳው ያረፉት ተቆጥረው ሥጋቱ በካርታ ላይ ይሠፍራል።

እዚህ ላይ የእርምጃው ርዝመት ጥንቃቄ ይሻል። ተራራና ሸለቆ በሚፈራረቅበት አገር ነፋስ መንገዱን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። ብናኙን በአንድ ጊዜ ረጅም መንገድ ያስኬደ ስሌት፣ ጠመዝማዛውን ትቶ በቀጥታ ገደል እንደሚገባ መንገደኛ ይሆናል። በመሆኑም ባለሙያዎች እርምጃውን ያሳጥራሉ፤ የብናኞቹንም ቁጥር ያበዛሉ።

ዘዴው በመጀመሪያ የተዘጋጀው ለስንዴ አልነበረም። የብሪታንያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ኔም የተባለውን የስሌት ፕሮግራም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል የአቶም ኀይል ማመንጫ አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ መርዛማ ብናኝ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን የአውሮፕላን በረራ ባስቆመ ጊዜም በዚሁ ፕሮግራም ተሠርቶበታል።

አገራችንን የነካው ጉዳይ ደግሞ የሚከተለው ነው። በ2002/2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ የስንዴ ማሳ አጠቃ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን ይቋቋም የነበረው ዲገሉ የተባለው ዝርያ በሰፊው ተዘራ። በሐምሌ ማብቂያ 2004 ዓ.ም. ግን ዲገሉን የሚያጠቃ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ ወረርሽኝ ሆነና ብዙ ገበሬዎች ከማሳቸው ምንም ሳያገኙ ቀሩ።

ተመራማሪዎችም ስሌቱን ወደ ኋላ አዞሩት። በሬ የጠፋበት ሰው ዱካ ተከትሎ ወደመጣበት እንደሚሄድ ሁሉ፣ በሽታው ከታየበት ቦታ ተነሥተው ነፋሱን ወደ ኋላ ተከተሉ። ከዚያም ከተጠረጠሩት አገሮች ብናኝ ወደ ፊት ለቅቀው ሁለቱን አመዛዘኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ውጤት ከሁሉ ይልቅ የመንን አመለከተ፤ ሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮችንና የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆም ከጥርጣሬ አላወጣም። ዱካ አመልካች ነው እንጂ ፈራጅ አይደለም። ይሁን እንጂ ነፋስ ባሕር አሻግሮ ዋግ ሊያመጣ የሚችልበትን በር ማወቅ፣ በሩን ለመጠበቅ ይረዳል።

በዚሁ መሠረት በ2009/2010 ዓ.ም. መኸር የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ በኢትዮጵያ በሙከራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ግብርና ሚኒስቴር፣ በጊዜው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በጋራ ሠሩበት። ከማሳ የተሰበሰበው መረጃ በተንቀሳቃሽ ስልክ ይላካል፤ ስሌቱ በየዕለቱ የሰባት ቀን ትንበያ ያወጣል፤ ምክሩም በግብርና ባለሙያዎችና በአጭር የስልክ መልእክት ወደ ገበሬው እንዲደርስ ተደረገ።

ጥቅሙ ጊዜ መግዛት ነው። ብናኙ እርጥብ ቅጠል ላይ አርፎ ለጥቂት ሰዓታት እርጥበት ካገኘ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ምልክቱ የሚታየው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ከደረሰ ገበሬው ማሳውን ለማሰስና ፀረ ዋግ ኬሚካል በወቅቱ ለማግኘት ፋታ አለው። ቀይ ዱቄት ማሳውን ከሸፈነው በኋላ የሚረጭ ኬሚካል ግን በአብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው።

ይሁንና የስሌቱ ድክመት መታወቅ አለበት። ኮምፒዩተሩ ብናኝ የሚለቀው ዋግ መኖሩ ከተነገረበት ቦታ ብቻ ነው። በአንድ ቀበሌ ዋግ ገብቶ ሳይነገር ከቀረ፣ ያ ቀበሌ በካርታው ላይ ጤነኛ ሆኖ ይታያል፤ ከነፋሱ በታች ያሉት ጎረቤቶችም ሳይጠነቀቁ ይያዛሉ። ነፋስ የቀበሌን ወሰን አያውቅም። እንዲሁም ትንበያው «ብናኝ ሊደርስ ይችላል» ይላል እንጂ «ይህ ማሳ ታሟል» አይልም። ቁርጡ የሚታወቀው ማሳ ውስጥ ገብቶ በማየት ነው።

ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች ከሚከተሉት ተግባሮች ላይ ቢያተኩሩ ይመረጣል። አንደኛ፣ ስንዴው ቅጠል ካበዛበት ጊዜ ጀምሮ እስኪያሽት ድረስ በየሳምንቱ ማሳ የሚያስሱ ሰዎች መመደብ፤ ቢጫ ዋግ በቅጠል ላይ በመስመር የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት፣ የግንድ ዋግ በአገዳ ላይ የጡብ መልክ ያለው ቁስል መሆኑን ማስተማር። ሁለተኛ፣ ምልክት በታየበት ዕለት ለልማት ሠራተኛው ማስታወቅ። ሦስተኛ፣ ቀበሌውን በሙሉ በአንድ ዝርያ አለመሸፈን፤ የዲገሉ ታሪክ ትምህርት ነው። ስለ ዝርያ ምርጫም ስንዴን ጨምሮ በአካባቢው ሰብሎች ላይ የሚሠራውን የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልን ምክር መጠየቅ ይጠቅማል። አራተኛ፣ ወፍ ዘራሽ ስንዴን ነቅሎ ማጥፋት። ዋግ የሚኖረው በሕያው ተክል ላይ ስለሆነ፣ እንደ ቆጋ ባሉ የመስኖ ቦታዎች በበጋ የሚዘራ ስንዴ ካልተጠበቀ ለመኸሩ ሰብል መሸጋገሪያ ድልድይ ሊሆን ይችላል።

ነፋስን ማገድ አይቻልም። መንገዱን ቀድሞ ማወቅ ግን ይቻላል። ለዚህም የመጀመሪያው ምልክት የሚገኘው ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከማሳው ነውና፣ ያዩትን በዕለቱ ማስታወቅ የራስንም የጎረቤትንም እህል ማዳን ነው።