ተረትና እውነታ፦ ሲሚንቶ ሲበዛ ግንብ ይጠነክራል?

ሳይለሰን በሚተው የድንጋይ ወይም የጡብ ግንብ ላይ ግንበኞች ፖይንቲንግ የሚሉት፣ መጋጠሚያውን የመሙላትና የማስተካከል ሥራ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ገንዘብ ካለቀ በኋላ ነው። ለጀማሪ ይሰጥና በጥድፊያ ያልቃል። የግንቡ ዕድሜ ግን በዚያ ቀጭን መሥመር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

«ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር ግንቡ ይጠነክራል» የሚለው እምነት ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ግድግዳ በፀሐይና በዝናብ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ያን እንቅስቃሴ መሸከም ያለበት መጋጠሚያው ነው፤ መጋጠሚያ ቢሰነጠቅ ተፍቆ እንደገና ይሞላል፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን ከግንብ ውስጥ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ መጋጠሚያውን የሚሞላው ድብልቅ፣ ማለትም ሞርታሩ፣ ከድንጋዩ ላላ ማለት አለበት። ሲሚንቶ የበዛበት ድብልቅ ሲደርቅ ተኮማትሮ ከድንጋዩ ጠርዝ ይላቀቃል፤ ፀጉር በምታክል ስንጥቅም የክረምት ውኃ ይገባል። የገባው ውኃ ደግሞ በድፍኑ ሲሚንቶ በኩል መተንፈሻ ስለማያገኝ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። አብሮት የሚሄደው ጨው ከድንጋዩ ገጽ ሥር እየረጋ ገጹን ፈልቅቆ ይጥለዋል። ጠንካራ ለሆነው ጥቁር ድንጋይ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ላያስቸግር ይችላል። ውኃ ለሚመጥ ለስላሳ ድንጋይና ለአሮጌ ጡብ ግን ኖራ የገባበት ድብልቅ ይሻላል።

የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ይህን አይቷል። በድንጋይና በኖራ የቆሙት ሕንፃዎች በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ለመመለስ ተገደዱ።

ድንጋይን ከድንጋይ ጋር አጣብቆ የሚያቆመው ሞርታር ነው የሚልም አለ። የየሃ ታላቁ ቤተ መቅደስ ያለ ሞርታር በተገጣጠሙ ጥርብ ድንጋዮች ከ2,500 ዓመት በላይ ቆሟል። ግንብን የሚያቆመው የራሱ ክብደትና የድንጋዩ አቀማመጥ ነው፤ ሞርታሩ ክብደቱን አስተካክሎ ያከፋፍላል፣ ክፍተቱንም ይዘጋል።

በየአጥሩ የምናየው፣ ጎልቶ ወጥቶ ቀለም የተቀባው መሥመር እንደ ውበትም እንደ ጥንካሬም ይቆጠራል። ውበቱን ለባለቤቱ እተዋለሁ። ጥንካሬ ግን የለውም፤ በላይኛው ጠርዙ ላይ ውኃ ይቆማል፣ ከገጹ ላይ ብቻ ስለተለጠፈም ቁርጥራጩ ይረግፋል። ዝናብን በደንብ የሚመልሰው በክብ ብረት ታሽቶ በትንሹ ወደ ውስጥ የጎደጎደው ነው። ብረቱ ሞርታሩን አምቆ ገጹን ያጠብቀዋል። ጊዜውን ለማወቅ በአውራ ጣት መጫን ነው፦ የጣቱ ምልክት ከቀረና ሞርታሩ ጣት ላይ ካልተለጠፈ ደርሷል።

አዲሱን ሞርታር በአሮጌው ላይ መለጠፍም አይሆንም። መጋጠሚያው ቢያንስ የስፋቱን እጥፍ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ውስጥ ተፍቆ አቧራው ይጠረግ፤ ከዚያ ውኃ ይረጭበት። ደረቅ ድንጋይ የሞርታሩን ውኃ መጦ ዱቄት ያደርገዋል።

በመጨረሻም «ፀሐይ ቶሎ ያድርቀው» የሚባለው አለ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ነው እንጂ ሲደርቅ አይደለም። ኖራም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በዝግታ ሲጠነክር እርጥበት ይፈልጋል። በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ የሲሚንቶውን ለ7 ቀን ያህል፣ የኖራውን ከዚያም በላይ እርጥብ አድርጎ ማቆየት ያስፈልጋል። የዚህን ውኃና የሠራተኛ ዋጋ ባለቤቱ ሥራው ሳይጀመር ከግንበኛው ጋር በውል ይያዘው።