“ሪጎሬ!” ብለን ከመጮኻችን በፊት

በሐውልቲም ሆነ በዓዲ ሐቂ የታዳጊዎች ግጥሚያ ባለበት ሜዳ ዳር ብትቆሙ፣ ከልጆቹ ይልቅ የሚጮኸው አዋቂው ነው። ጩኸቱ የሚብሰው ደግሞ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ እጁን ወደ ነጥቡ ሲዘረጋ ነው። በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች ከጣሊያንኛ በወረስነው ቃል “ሪጎሬ” የምንለው፣ ጋዜጠኞቹ “ፍጹም ቅጣት ምት” የሚሉት ማለት ነው። አንዱ ወገን “ኳሱን ነው የነካው!” ይላል፤ ሌላው “ማኖ ነው!” እያለ እጁን ያወናጭፋል። መሐል ላይ የ11 ዓመት ልጅ ኳስ ታቅፎ ቆሟል።

መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ በእናታቸው ጀርባ የነበሩ ሕፃናት ዛሬ ማሊያ ለብሰው ይሮጣሉ። በመሐል ያለፈውን ጦርነት ሁላችንም እናውቀዋለን። እነዚህ ልጆች ሜዳ ላይ መገኘታቸው በራሱ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ በእኛ ጩኸት ኳስን እንዲጠሉ አልፈልግም። ሕጉን ማወቅ ደግሞ ጩኸትን ይቀንሳል።

በመጀመሪያ፣ ቅጣቱ ለምን ይሰጣል? ተከላካዩ በራሱ የቅጣት ክልል ውስጥ፣ ኳስ በጨዋታ ላይ እያለች ቀጥተኛ ቅጣት ምት የሚያስሰጥ ጥፋት ሲፈጽም ነው፤ መጥለፍ፣ መግፋት፣ መያዝ፣ መርገጥ፣ ኳስን በእጅ መንካት የመሳሰለው። የሚታየው ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ እንጂ ልጁ ተንከባልሎ የወደቀበት አይደለም። መስመሩም የክልሉ አካል ነው። “ኳሱን ነው የነካው” የሚለው ክርክር ብቻውን አያድንም፤ ኳሱን ነክቶም ቢሆን በግድየለሽነት ልጁን ከጣለው ጥፋት ነው። “ሆን ብሎ አይደለም” የሚለውም እንዲሁ። ቅጣቱ የተሰጠበት ልጅ ባለጌ ተባለ ማለት ስላልሆነ፣ ቤት ስትገቡ “ምን አድርገህ ነው?” ብላችሁ አትመርምሩት።

ማኖ ግን ለየት ይላል። ኳስ እጅን ስለነካች ብቻ ጥፋት አይሆንም። ልጁ እጁን ወደ ኳሷ ከሰደደ፣ ወይም ሰውነቱን ከተፈጥሮው በላይ ሰፊ በሚያደርግ ሁኔታ እጁን ዘርግቶ ከሆነ ነው የሚያስቀጣው። ትንንሽ ልጆች ኳስ ወደ ፊታቸው ሲመጣ እጃቸው ሳያስቡት ይነሣል። እዚህ ላይ መፍረድ የዳኛው ሥራ ነው፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ይቀርባል።

ምቱ የሚመታው ከግቡ መስመር 11 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ነው፤ በጎልማሳ እርምጃ 12 ያህል። ይህ ለትልቅ ሜዳ ነው። ሕጉ ለታዳጊዎች የሜዳውን ስፋት፣ የኳሷን መጠንና የጨዋታውን ሰዓት መቀነስ ይፈቅዳል፤ በትንሽ ሜዳ ነጥቡም ይቀርባል። ጨዋታው ሳይጀመር አሠልጣኙን ጠይቁ እንጂ “ርቀቱ ተጭበረበረ” ብላችሁ አትነሡ። መቺው ከቡድኑ ማንም ሊሆን ይችላል፣ በረኛውም ጭምር፤ ግን ቀድሞ መታወቅ አለበት። ሌሎቹ ልጆች ከክልሉ ውጪ፣ ከነጥቡ ኋላና ቢያንስ 9.15 ሜትር ርቀው ይቆማሉ። ቀድሞ የገባ ልጅ ሁሉ ግን ምቱን አያስደግምም፤ መግባቱ በውጤቱ ላይ ለውጥ ካመጣ ነው። በረኛው ደግሞ ኳሷ እስክትመታ ቢያንስ የአንድ እግሩ ክፍል መስመሩ ላይ፣ ከመስመሩ በላይ በአየር ወይም ከኋላው መሆን አለበት። ቀድሞ ወጥቶ ካዳነ ይደገማል፤ የመጀመሪያው ጥፋቱ ከሆነ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ብዙ አያት “ልጄ አድኖ ነበር፣ ዳኛው ነጠቀው” የሚለው እዚህ ላይ ነው።

መቺው እየሮጠ ቢያታልል ይፈቀድለታል። ሩጫውን ጨርሶ ከቆመ በኋላ ካታለለ ግን ቢጫ ካርድ ያያል፣ ግቡም አይጸድቅም። ኳሷ ከብረቱ ተመልሳ ራሱ ደግሞ ቢመታትም ግብ አይደለም፤ በረኛው ነክቷት ከተመለሰች ግን ይችላል። በጨዋታው ማብቂያ አሸናፊ ለመለየት በሚሰጠው የመለያ ምት ሁለተኛ ኳስ የሚባል የለም።

በጤና ሥራ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ ያ ሁለተኛ ኳስ ያሳስበኛል። በረኛው መሬት ላይ ተኝቷል፣ አምስት ስድስት ልጅ እግሩን አንሥቶ ይመጣል። ራሱን የተመታ ልጅ “ደኅና ነኝ” ቢልም በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ። ካስታወከ፣ ግራ ከተጋባ፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከጣለው ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ቤት። ሌላም አለ፦ ተጎድቶ ሜዳ ላይ የታከመ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ለአፍታ መውጣት ሲኖርበት፣ ፍጹም ቅጣት ምቱን የሚመታው እሱ ከሆነ ግን መቆየት ይችላል። ሕጉ ቢፈቅድም እያነከሰ ያለ ልጅ “እኔው ልምታ” ሲል እሺ ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

መምታቱንስ ማን ይወስን? አሠልጣኙና ልጁ። አባት ከዳር “የኔ ልጅ ይምታ!” ሲል ልጁ እምቢ ማለት አይችልም። ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፣ እግሩ ይከብደዋል፤ ይህ ፍርሃት ሲይዝ የሰው አካል የሚያደርገው ነው እንጂ ድክመት አይደለም።

ትልልቆቹም ያመልጣቸዋል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ሲገጥም የሳላዲን ሰዒድን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው ኬኔዲ ምዊኔ መለሰበት። ያ ብቻ አይደለም፤ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ዛምቢያም አገባች። በ10 ሰው የቀረው ቡድን ግን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ሳላዲንም ከዚያ በኋላ ለአገሩ መጫወቱን አላቆመም። የሳተ ልጅ ቤት ውስጥ ካላችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት፤ ግን በዚያው ቀን አይደለም።

በዚያው ቀን ውኃ ስጡት፣ ምሳ አብሉት፣ ራሱ ካላነሣው አታንሡበት። ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ “በግራ ብትመታው ኖሮ” የሚል ትንተና የሚጠቅመው ልጁን ሳይሆን ተናጋሪውን ነው። በሚቀጥለው ቀን መምታት ካማረው ግቢ ውስጥ ሁለት ድንጋይ አቁሙና እናንተ በረኛ ሁኑለት። ጉልበታችሁ ካልፈቀደ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁ መስመሩን እንደነካ ይፈትሻችሁ።