ዘና ያለ ፊደል፦ በእጅ የተሣሉ የታፔላ ፊደላት ቅርጽና አገልግሎት



ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የጎሚስታ፣ የጭማቂ ቤትና የጸጉር ቤት ታፔላዎችን ያነባል። ከእነዚህ መካከል በብሩሽ የተሣሉት ጫፋቸው የዶለዶመ፣ ከመስመራቸው ትንሽ ከፍና ዝቅ የሚሉ ፊደላት የዛሬው ርእሳችን ናቸው። እኔ «ዘና ያሉ ፊደላት» እላቸዋለሁ። የመቃ ብርዕ ስለት ወፍራምና ቀጭን መስመር እየለየ ከሚያወጣው ከቁም ጽሕፈት በባሕርያቸው ይለያሉ።

በላቲን ፊደል የዚህ ዓይነት ቅርጽ ብዙ ነው። እጅግ የታወቀው ኮሚክ ሳንስ ሲሆን፣ ቪንሰንት ኮናር እ.ኤ.አ. በ1994 ለማይክሮሶፍት የሠራው ነው። ለሐዘን ማስታወቂያ ሳይቀር ስለዋለ ብዙ ተፌዞበታል፤ ፌዙ ግን ከፊደሉ ይልቅ ለተጠቃሚው የሚገባ ይመስለኛል።

በግእዝ ፊደል ችግሩ ከቁጥር ይጀምራል። ለእንግሊዝኛ ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52 ቅርጽ ይበቃል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏና ቋ ገና አልተቆጠሩም። ታፔላ ጻፊ «ምግብ ቤት» ሲል አምስት ፊደል ብቻ ይሥላል፤ የቤን ቀለበት በት ሥር ቢስበውም ከልካይ የለውም። ፎንት የሚሠራ ሰው ግን የትኛው ፊደል ከየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ አስቀድሞ አያውቅም።

ከዚህ የሚብሰው የሆሄ ምልክት ጉዳይ ነው። የካዕቡ ምልክት በቡ ወገብ ላይ፣ የሣልሱ በቢ እግር ላይ ነው። እጅ ጥቂት ቢንሸራተት «ቡና» «ቢና» ይሆናል። የላቲኑ ፊደል ግን ቢንጋደድም ያው ራሱ ነው። ስለዚህ በእኛ ፊደል መዝናናቱ በአካሉ ላይ ይሁን፤ እግሩ ይወላገድ፣ ትከሻው ያዘንብል፤ ምልክቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅ።

በአዳማ ደግሞ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ይኖራል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በቁቤ ይጻፋል። ረጅም አናባቢ ሲደገም «መነ ኛታ» የሚለው በቁቤ 11 ፊደል ይፈጃል፤ የአማርኛው «ምግብ ቤት» 5 ብቻ። የብሩሽ ባለሙያ ሁለቱንም በአንድ ብሩሽ ስለሚጽፍ መልካቸው የአንድ ቤት ልጆች ይመስላል። በኮምፒውተር በሚታተም ባነር ላይ ግን ለቁቤው ዘና ያለ ፎንት ይመረጥና ለአማርኛው ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ ይገባል፤ ሁለቱ መስመሮች የማይተዋወቁ ሰዎች የጻፏቸው ይመስላሉ። ይህን ክፍተት ልንሞላው የምንችለው እኛው ነን።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ለአጭርና ለትልቅ ጽሑፍ፦ ለጭማቂ ቤት፣ ለሕፃናት መጽሐፍ ሽፋን፣ ለባጃጅ ጀርባ። ለመድኃኒት ብልቃጥና ለፍርድ ቤት ማስታወቂያ አይሆንም።

ሥራውን የምትጀምሩ ተማሪዎች፣ ታፔላዎቹ በባነር ከመተካታቸው በፊት የአንድን ጻፊ ብዙ ሥራ ፎቶ አንሡ። እንደ ዠ ያሉት በታፔላ ላይ እምብዛም ስለማይገኙ ባለሙያውን ራሱን አግኝታችሁ ማስጻፍ ይኖርባችኋል፤ የእጁን ዋጋም ክፈሉት።