አንድ ኮድ፣ ሁለት ውጤት፦ ፕሮግራም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር

አንድ ተማሪ በሊኑክስ ላይ ጽፎ ያጠናቀቀውን የሲ ፕሮግራም ወደ ዊንዶውስ ሲያዛውር አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙ ከናካቴው አይገነባም፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ችግር ተገንብቶ የተለየ ቁጥር ያወጣል። የመጀመሪያው ጊዜ ያባክናል፤ ሁለተኛው ግን የጥናትን ውጤት ያበላሻል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ ይኸውም የምንጽፈው ኮድ ብቻውን ፕሮግራም አለመሆኑ ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር፣ ለእርሱ የሚሰጡት ትእዛዞችና የሚያያዙት ላይብረሪዎች ሁሉ የፕሮግራሙ አካላት ናቸው።

ስህተቱ ከየትኛው ደረጃ ነው?

ግንባታ ሁለት ዋና ዋና ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን የኮድ ፋይል ለየብቻ ይተረጉማል። ቀጥሎ ሊንከር የተባለው ፕሮግራም የተተረጎሙትን ክፍሎች ከላይብረሪዎች ጋር ያገናኛል። ስለዚህ የስህተት መልእክት ሲመጣ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ከሁለቱ የትኛው እንደላከው ነው።

ኮምፓይለሩ አንድ ፋይል አላገኘሁም ካለ፣ ፋይሉ ያለበት ፎልደር አልተነገረውም፤ አለዚያም ስሙ ተሳስቷል። ሊኑክስ በፋይል ስም ውስጥ ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደላትን ይለያል፤ ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ አይለይም። ሊንከሩ አንድ ፈንክሽን አላገኘሁም ካለ ግን ብዙውን ጊዜ ላይብረሪው አልተያያዘም፤ ወይም ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። በጂሲሲ ሲገነባ ላይብረሪው ከሚጠቀምበት ፋይል በኋላ ሊጠራ ይገባል።

ሲሜክን የመሰሉ የግንባታ መሣሪያዎች ቀድሞ ያገኙትን መረጃ መዝግበው ያቆያሉ። ኮምፓይለር ከተቀየረ በኋላ ምክንያቱ የማይታወቅ ስህተት ቢገጥም፣ የግንባታውን ፎልደር አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ይበጃል።

ያለ መልእክት የሚመጣው ስህተት

ከሁሉ የከፋው መልእክት የሌለው ስህተት ነው። በባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ «ሎንግ» የተባለው የሲ ኢንቲጀር 8 ባይት ሲሆን በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ብቻ ነው። 4 ባይት ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። የሲሙሌሽን ቆጣሪ ከዚህ ካለፈ ብዙውን ጊዜ በድንገት ኔጌቲቭ ይሆናል። መፍትሔው እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ ያስገባቸውን፣ ስፋታቸው አስቀድሞ የተወሰነ ኢንቲጀሮች መጠቀም ነው።

የአስርዮሽ ቁጥሮችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በ64 ቢት ስሌት 10,000,000,000,000,000 ላይ ያንኑ ያህል ቀንሰን 1 ብንደምር ውጤቱ 1 ነው። አስቀድመን 1ን ከኔጌቲቩ ቁጥር ጋር ብንደምር ግን 1 በማጠጋጋት ይጠፋና ውጤቱ 0 ይሆናል። ኮምፓይለሩ ለፍጥነት ሲል የስሌቱን ቅደም ተከተል እንዲለውጥ ከተፈቀደለት፣ ኮዱ ሳይነካ መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

ይህ በታላላቅ ቤተ ሙከራዎችም ያጋጠመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የሰርን ፕሮጀክት የፕሮቶኖችን ጉዞ የሚያሰላ ፕሮግራም በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ላይ ያሠራ ነበር። በ27 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት ውስጥ 100,000 ዙር ሲሰላ ኢምንት የማጠጋጋት ልዩነት እያደገ ይሄዳል፤ የተለያዩ ኮምፒውተሮች ውጤትም አልገጥም አለ። ሎጋሪዝምና ሳይንን የመሳሰሉትን ፈንክሽኖች በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያጠጋጋ፣ በፈረንሳይ ሊዮን የተሠራ ላይብረሪ በመጠቀም ችግሩ ሊቃለል ችሏል።

ምን እናድርግ?

የኮምፓይለሩን ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ ማብራት፣ ፕሮግራሙን አስቀድሞ ያለ ማፍጠኛ ትእዛዝ መገንባት፣ ከዚያም መልሱ በሚታወቅ ችግር መፈተሽ ይገባል። ለምሳሌ ሰበቃ የሌለበት የስፕሪንግ ንዝረት ጠቅላላ ኃይሉ መለወጥ የለበትም። በቤተ ሙከራ የመለኪያ መሣሪያችንን ዓይነት እንደምንመዘግብ ሁሉ፣ የኮምፓይለሩ ስም፣ ቨርዥንና የተሰጡት ትእዛዞች ከውጤቱ ጋር ሊመዘገቡ ይገባል። እነዚህ ያልተመዘገቡለትን ውጤት ሌላ ሰው ደግሞ ሊያገኘው አይችልምና።